አክስቴ የምትረግጠው ልብ

የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት ካዛንቺስ፣ አክስቴ ቤት፣ በስፌት መኪናና ባላለቁ የሚዜ ቀሚሶች መካከል ነው። ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነበረው። ላቦራቶሪው በር ነበረው፣ በሩም ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ግን ለሥልጠና ውጭ አገር ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ረስቶት አብሮት ሄደ። ደብዳቤ ተጻፈለት። መልሱ ሲመጣ ቁልፉ በደህና እንደሚገኝ ይገልጻል።

ጊዜው ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ሜካኒካል ምሕንድስና እማር ነበር። አማካሪዬ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ርዕስ ላስጸድቅ ቢሯቸው የገባሁት የመስኖ ፓምፕ ሐሳብ ይዤ ነው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣

«ፓምፕ ትወጃለሽ?» አሉኝ።

«እወዳለሁ» አልኩ። ፓምፕ መውደድ የሚባል ነገር እንዳለ ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም።

«እንግዲያው ትንሽ ፓምፕ ልስጥሽ» ብለው ከመሳቢያቸው አንድ ሥዕል አወጡ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ነገር አለች፤ ከዕንቁላል ብዙም አትበልጥም። መሃሏን ስስ ላስቲክ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ በኩል አየር ይገባና ላስቲኩን ይገፋል፤ ላስቲኩ ደግሞ በሌላው በኩል ያለውን ደም ይገፋል። አየሩ ሲመለስ አዲስ ደም ይገባል። የታመመ ልብ ያለው ሕፃን፣ ልቡ እስኪያገግም ወይም ሌላ ልብ እስኪያገኝ፣ ይህች ነገር ታግዘዋለች።

«ለአዋቂ የሚሆነው ከተሠራ ቆይቷል» አሉ። «ለሕፃን ሲሆን ግን ማሳነስ ብቻ አይበቃም። ጠባብ ቦታ ውስጥ ደም ጠባዩ ይከፋል። ከቆመ ይረጋል፣ ካጣደፉት ይጎዳል። አንቺ ልብ አትሠሪም፣ ይገባሻል? ውስጡ ፈሳሹ እንዴት እንደሚዞር ታያለሽ። በቃ።»

ገባኝ። ቤት ሄጄ ለአክስቴ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እሷ ከነገርኳት ሁሉ የሰማችው «ልብ» የሚለውን ብቻ ነው። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ፣ «ልብ መሥራት ጀመርሽ አሉ፣ በርቺ» አለኝ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሙሽራና የሚዜ ልብስ ትሰፋለች፤ ቤቷ መንገድ ዳር ስለሆነ አላፊው ሁሉ በመስኮት ሰላም ብሏት ነው የሚያልፈው። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ጓደኞቿን እያሰበች ትስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ፓምፑን በትልቁ ማሠራት ነበር። ውስጡ እንዲታይ ከግልጽ ፕላስቲክ፣ ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ አድርጌ ባምቢስ አካባቢ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ሥዕሉን አገላብጦ አየና፣ «ምን ይጻፍበት?» አለኝ።

«ምንም አይጻፍበት።»

«ምንም ሳይጻፍበት እንዴት ይሆናል?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ፣ ፈሳሹ በሚገባበት በኩል «መግቢያ»፣ በሚወጣበት በኩል «መውጫ» ብሎ በቀይ ጽፎ ሰጠኝ። ከመውጫው አጠገብ ሳላዘው ትንሽ ቀስት ጨምሮበታል።

ላስቲኩን ከሐኪም ጓንት ቆረጥኩት። በመጀመሪያው ቀን ቸኩዬ ስቆርጥ አውራ ጣቱ ሳይወጣ ቀርቶ ኖሮ፣ አየር በነፋሁ ቁጥር ከልቡ መሃል አንድ ጣት ብድግ ይላል፤ አየሩ ሲመለስ ጣቱም ይገባል። አክስቴ መቀሷን አስቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ይሄ ልጅ ገና ሳይድን ሰላም ይለናል» አለች።

ቀጥሎ ደም አስፈለገ። እውነተኛ ደም ውስጡን ስለማያሳይ፣ ውሃና ግሊሰሪን ተደባልቆ የደም ያህል እንዲወፍር ይደረጋል። ቂርቆስ ሠፈር የቅባትና የሳሙና ሱቅ ያላቸው፣ ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ንግግራቸው ለስላሳ ነው። ገብቼ ግሊሰሪን ጠየቅኳቸው።

«ስንት ጠርሙስ፣ እህቴ?»

«ያለዎትን ሁሉ።»

እጄን ተመለከቱ፣ ከዚያ ፊቴን። «እንዲህ የሚያደርስ ድርቀት አላይብሽም» አሉ።

ለምን እንደምፈልገው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡ።

«የሰው ደም ከውሃ ይወፍራል ማለት ነው?»

«ይወፍራል፣ አባባ።»

«የነጋዴማ ይበልጥ ሳይወፍር አይቀርም» አሉና ጠርሙሶቹን በካርቶን አስረው ሰጡኝ። ከላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ጨመሩ። «ይቺ ለእጅሽ ናት። ለልጁ እንዳትሰጪብኝ።»

ፈሳሹ ጥርት ያለ ስለሆነ እንቅስቃሴው አይታይም። የሚታይ ነገር መጨመር ነበረበት። እዚህ ላይ አክስቴ የሙሽራ ልብስ ላይ የምትነሰንሰውን ብልጭልጭ ዱቄት አመጣች። የሴት ስስ ካልሲ ውስጥ አድርገን አጣራነውና ደቃቁን ብቻ ጨመርን። በመብራት ሲታይ የእያንዳንዷን ብልጭታ መንገድ በዓይን መከተል ይቻላል። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «እኔ ቢሆን ወርቃማውን ነበር የምመርጥለት» አለች።

የቀረው ልቡን የሚያስመታው ነገር ነበር። ሞተር አፈላልጌ የማገኘው ሁሉ ወይ ይፈጥናል ወይ ይግላል። ሦስት እጥፍ የተለቀ ልብ ደግሞ መምታት ያለበት በጣም ቀስ ብሎ ነው። አንድ ከሰዓት፣ ከብት የሚወጋበትን ትልቅ ሲሪንጅ በእጄ ስገፋና ስስብ ክንዴ ዝሎ ሳለ፣ አክስቴ ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣

«እኔ እኮ እዚህ ዝም ብዬ እየረገጥኩ ነው» አለች።

እግሯን አየሁት። ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲረግጥ የኖረ እግር ነው። ክሩን ፈታን፣ መርፌውን አወጣን፣ የሲሪንጁን ዘንግ ከመኪናው መዘውር ጋር በሽቦ አገናኘን። ቀስ ብላ ስትረግጥ መዘውሩ ዞረ፤ ሲሪንጁ አየሩን ገፋ፤ ላስቲኩ ተነሣ፤ ብልጭልጩ በመግቢያው ገብቶ ተሽከርክሮ በመውጫው ወጣ። በሰዓት ለካሁት። እያንዳንዱ ምት ከሌላው ጋር እኩል ነበር። ለአማካሪዬ ስልክ ደውዬ የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል እንዳገኘሁ ነገርኳቸው።

«ምን ዓይነት ነው?»

«አስተማማኝ ነው» አልኩ።

ለቀረጻው ጎረቤታችን ያለውን የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ለመንኩት። ካሜራም መብራትም አለው፤ የአክስቴ ደንበኞች የእሱም ደንበኞች ስለሆኑ ቤተኛ ነው። ችግሩ፣ የሚያውቀው አቀራረጽ አንድ ብቻ ነው፤ ከእግር ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ልቤንም ከጠረጴዛው እግር ጀምሮ ቀረጸው። መግቢያው ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ አቀረበ፣ አራቀ፣ መጋረጃውን አሳየ፣ ተመለሰ።

«ስማ፣ መጋረጃው አያስፈልግም» አልኩት። «እዚህ ጥግ ላይ ብቻ ሁን። ምንም አታድርግ።»

«ምንም ካላደረግኩማ ፎቶ ሆነ» አለኝ ቅር ብሎት።

በሦስተኛው ቀን ግን ተገራ። ካሜራውን አስቆምን፤ መብራቱ በስሱ እንዲገባ ካርቶን ቀደን ከፊቱ አቆምን፤ አክስቴ መርገጥ ጀመረች። ቀራጩ ካሜራውን ከለቀቀ በኋላ እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ ጀመረ።

«እትዬ፣ የቅዳሜውን ሠርግ ሰሙ?»

«የትኛውን?» አለች አክስቴ። እግሯ ልኩን ጠብቆ ይሄዳል።

«ያቺ ጀርባው ክፍት ቀሚስ የሰፉላት። ፎቶ ልንነሣ መናፈሻ ገባን። ሌሎችም ሙሽሮች ነበሩ። ሁሉም መኪና ነጭ፣ ሁሉም አበባ በአበባ።»

«እሺ» አለች። እግሯ ፈጠን አለ። ላስቲኩም ፈጠነ።

«በኋላ እንሂድ ተባለ። ሙሽራው እየተቻኮለ በር ከፈተና አንዱ መኪና ውስጥ ገባ። ከጎኑ ሙሽራ አለች፣ ፊቷ በዓይነ ርግብ ተሸፍኗል…»

«አትለኝም» አለች አክስቴ። በዚህ ጊዜ ልቡ ሩጫ ላይ ነበር፤ ብልጭልጩ እንደ አውሎ ነፋስ ይዞራል። «እትዬ ቀስ» ማለት ጀምሬ ሳልጨርስ፣

«መኪናው ሄደ። የኛዋ ሙሽራ መናፈሻው በር ላይ አበባ ይዛ ቆማለች» አለ።

የአክስቴ እግር ቆመ። ልቡም ቆመ።

እኔ እሷን «ርገጪ እንጂ» እላለሁ፣ እሷ እሱን «ከዚያስ?» ትላለች፣ እሱ ደግሞ የሁለታችንን ፊት እያየ ነገሩን ማጣፈጥ ይዟል። ካሜራው ሁሉንም ይቀርጻል። ብልጭልጩ ቀስ እያለ ወደ ታች ዘቀጠ። ተቆጥቼ በመጨረሻ እንድትረግጥ አደረግኳት፤ ወሬው በኋላ እንዲቀጥል ተስማማን።

ስትረግጥ ግን አንድ ነገር አየሁ። የዘቀጠው ሁሉ ተነሥቶ መዞር ሲጀምር፣ መግቢያው ሥር ባለው ጥግ ላይ ያለው ንቅንቅ አላለም። አሥር ጊዜ ረገጠች፣ ሃያ ጊዜ ረገጠች። እዚያው ነው። በቀደሙት ቀናት ሌላው ሁሉ እየዞረ ስለነበር፣ ጥጉ ላይ የቆመ እንዳለ አላስተዋልኩም ነበር። ያ ብልጭልጭ ደም ቢሆን ኖሮ እዚያ ጥግ ላይ ይረጋል፤ የረጋው ተነሥቶ ወደ ልጁ ጭንቅላት ሊሄድ ይችላል። ስፈልገው የከረምኩት ነገር ይኸው ነበር።

አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችው። «ክንዱ በደንብ አልተገጠመም» አለች።

«የምን ክንድ?»

«ይሄ መግቢያ የምትይው። ቀጥ አድርጎ ነው የተከለው። እጅጌ እንደዚህ ቀጥ ተደርጎ ከተሰፋ ብብት ሥር ይታጠፋል። ዘወር አድርገሽ፣ ከጎን አስገቢው።» የልብስ ጠመኔዋን አንሥታ ፕላስቲኩ ላይ መስመር አሰመረች። ፈሳሹ ከመሃል ሳይሆን ግድግዳውን ታክኮ እንዲገባ ነው ያለችው። እንደዚያ ከሆነ እየዞረ ጥጉን ያጥበዋል። ባምቢስ ሄጄ በዚያው መስመር አስቆረጥኩት። ጥጉ ጸዳ።

በዚያ ሰሞን ነው አንዲት እናት በራችንን ያንኳኳችው። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጇን ይዛለች። የልጅቷ ከንፈር ሰማያዊ ነገር አለው፤ ከታክሲ መውረጃው እስከ በራችን ድረስ ሦስት ጊዜ ቁጢጥ ብላ አርፋለች። ሴትየዋ፣ «እዚህ ልብ ይሠራል ብለውኝ ነው» አለች።

ወንበር ሳብኩላት። ልብ እንደማንሠራ፣ ይህ ፕላስቲክ እንደሆነ፣ ሰው ላይ እንደማይሆን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ አላለቀሰችም፤ «እሺ» ብላ ቁጭ አለች። ልጅቷ የሚዞረውን ብልጭልጭ እያየች ነበር።

«ይሄ የማን ልብ ነው?» አለች።

«የማንም አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ይመታል?»

«እኔ ስለምረግጠው» አለች አክስቴ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የአክስቴን እግር አየች። «እኔም ልርገጥ?» አለች፤ አክስቴም የልጅቷን እግር ከራሷ እግር ላይ አስቀምጣ አስረገጠቻት።

በማግስቱ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። እሳቸው የሚያውቁትን የልጆች ልብ ሐኪም አነጋገሩ። ሳላንጠለጥል ልናገር፤ የልጅቷ ሕመም ከፓምፕ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ልቧ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ጉድለት ነበር። ወረፋ ያዘች፣ ብዙ ጠበቀች፣ ተሠራላት። ከዳነች በኋላ ለአዲስ ዓመት ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። አክስቴ ጠባሳው እንዲሸፈን አንገቱን ከፍ አድርጋ ስትለካ፣ ልጅቷ ክፍት ይሁን አለች። ሰው እንዲያይላት ፈልጋ ነው። ጭቅጭቁ ረዘመና ልጅቷ አሸነፈች።

አማካሪዬ ሥራውን ለማየት ካዛንቺስ የመጡት ከመመረቂያ ሥራዬ መከላከያ ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ነው። አክስቴ ዶክተር ይመጣል ስላልኳት ልብሷን ለውጣ ጠበቀች። ገና ተቀምጠው ሳይጨርሱ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ይቺን ጉልበቴን ይዩልኝ እስቲ» አለቻቸው።

«እኔ እንኳ የማሽን ዶክተር ነኝ» አሉ በትሕትና።

«ማሽኑም እኔው ነኝ» አለች።

እሳቸው በጉልበቷና በመርገጫው መካከል ያለውን ርቀት በስንዝር ለኩ፤ ወንበሩ ዝቅ ስላለ ነው አሉ። ትራስ አስደረጉበት። ጉልበቷ በሳምንቱ ተሻላት፤ ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ሌላ ሐኪም እሷ ፊት ዋጋ አልነበረውም። በምላሹ የኮታቸው ገበር ተተርትሮ አይታ አስወለቀቻቸው፤ ስለ ፈሳሽ ፍሰት ያስረዳኋቸው በሸሚዝ ተቀምጠው ነው። ሲጨርሱ ቀረጻውን በንጹሕ ካሴት አስገልብጠሽ አምጪ አሉኝ።

ካሴቱን እንዲገለብጥልኝ ለቀራጩ ሰጠሁት። ጥፋቴ ይሄ ነው። «ገልብጥልኝ» አልኩት እንጂ «ሌላ ምንም አታድርግ» አላልኩትም።

የመከላከያው ቀን አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ጠፋና ቪዲዮው ጀመረ። የኪቦርድ ሙዚቃ ተሰማ። ሁለት እርግቦች ከግራና ከቀኝ በረው መጥተው መሃል ላይ ተገናኙ። በወርቃማ ፊደል «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ጽሑፍ እየተሽከረከረ ወጣ። ከዚያ ፓምፔ በጽጌረዳ በተሠራ የልብ ቅርጽ ተከቦ ብቅ አለ። ፈሳሹ በመግቢያው በገባ ቁጥር ሥዕሉ ቀስ ይልና ከዋክብት ይረግፋሉ። አማካሪዬ ኮታቸውን እየጎተቱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ በዱላ ስክሪኑ ላይ እየጠቆምኩ፣ «እዚህ፣ ከጽጌረዳው በስተግራ፣ የቆመ ፍሰት ይታያል» አልኩ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

ከፈታኞቹ አንዱ ከሆስፒታል የመጡ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሐኪም ነበሩ። ሲበቃቸው ማስታወሻቸውን አነሡ።

«በመሃል ላይ የምቱ ፍጥነት በጣም ጨምሯል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይሄ ሕፃን ላይ ቢሆን ሞት ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ውሸት አስቤ ነበር። የአየር መፍሰስ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አክስቴ ግን ከኋላ ወንበር ላይ በነጭ ነጠላ ተቀምጣ ታየኛለች። እውነቱን ተናገርኩ፤ ሙሽራውን፣ ነጫጮቹን መኪናዎች፣ ወሬ የሰማውን እግር። ሁሉንም ጻፉ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሙሽራው ታዲያ ተገኘ?» አሉ።

«ተገኘ፣ ሜክሲኮ አደባባይ» አልኩ። «ያልታወቀችው ሙሽራ ዓይነ ርግቧን ስትገልጥ ነው የወረደው።»

ፊታቸው ተፈታ። እሳቸው ሲስቁ ሌላው ሁሉ ሲያፍነው የቆየውን ለቀቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን የጠየቁኝ የምር ነበር። ጥጉን እንዴት እንዳገኘሁ፣ መግቢያውን ለምን እንዳዘነበልኩ፣ መዘንበሉ ደሙን እንዳያጣድፈው ምን እንዳደረግኩ አንድ በአንድ አስመለሱኝ። አለፍኩ። ማስተካከያ ብለው የሰጡኝ ሁለት ነገር ነው፤ እርግቦቹ እንዲወጡ፣ እና የሚያንቀሳቅሰው ኃይል በስሜት ሊለዋወጥ እንደሚችል በጽሑፉ ውስጥ እንዲገለጽ። ሁለተኛውን አክስቴን እንዳላስቀይም ሦስት ጊዜ አርሜ ጻፍኩት።

ስንመለስ መስቀል አደባባይ ላይ የካዛንቺስ ሚኒባስ ያዝን። ፓምፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከአክስቴ ጎን ተቀመጥኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ራሴን መስታወቱ ላይ ጣል አደረግኩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ፣ ከቢሮ የወጣ የሚመስል ሰውዬ ቀዩን «መግቢያ» ሲያነብ ቆይቶ ምንነቱን ጠየቀ። እኔ ቀና ሳልል አክስቴ ቀደመችኝ። ደም ሲቆም ምን እንደሚሆን፣ ሲጣደፍ ምን እንደሚሆን፣ ከጎን የገባ ፈሳሽ ግድግዳውን እንዴት እንደሚያጥብ፣ ለሕፃን ሲሆን ለምን እንደሚከብድ በጣቷ እያሳየች አስረዳች። ቅድም አዳራሹ ውስጥ እኔ ካስረዳሁት ይልቅ ጥርት ያለ ነበር። ረዳቱ እንኳ «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ» ማለቱን ትቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ይሰማል። ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካከለችና ተሳፋሪውን በሙሉ ዞር ብላ አየች።

«ጥያቄ ያለው አለ?» አለች።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ እጇን አወጣች።